አቤቱታ በሩጫ ሜዳ፤ ከጎንደር ቆላ ሆኖ ሲታይ

ከጎንደር ደጋ ተነሥቶ ወደ ታች አርማጭሆ የሚወርድ መንገደኛ፣ በማለዳ የደረበውን ጋቢ አጣጥፎ በትከሻው ላይ ከጣለ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ራሱን ሳንጃ ላይ ያገኘዋል፤ ከዚያም ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚበቅልበትን ሰፊ ሜዳ ቢያቋርጥ፣ ሳሉግ የሚባለው የቀን ሠራተኛ በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ እየጎረፈ የሚገባበትን በረሃ ቢያልፍ፣ በመጨረሻ መተማ ይደርሳል፤ ከመተማም ማዶ፣ በሰው ድምፅ ሊጠራ በሚችል ርቀት፣ ገላባት የምትባለው የሱዳን ከተማ ትታያለች። በመሐል አገር ለሚኖር ሰው ሰንደቅ ዓላማ በትምህርት ቤት ደጃፍ በማለዳ ተሰቅሎ በማታ የሚወርድ ነገር ነው፤ ለዚህ ቆላ ሰው ግን አገሩ የት ላይ እንደሚያልቅ የሚያይበት ምልክት ነው። ስለዚህም በሰንደቅ ዓላማና በሕዝብ መዝሙር ፊት ቅሬታውን ስለሚገልጽ ስፖርተኛ፣ ተመልካቹ ምን ይላል ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ፣ ከማንም አስቀድሞ የዚህ የወሰን ሰው ቃል ሊደመጥ የሚገባው ይመስለኛል።

የቆላው ሰው ይህን ሰንደቅ በዋዛ አላገኘውም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው በማግሥቱ ማረፋቸውን፣ አስከሬናቸውም በመንገድ ላይ ተማርኮ ራሳቸው ወደ ኦምዱርማን መወሰዱን፣ መጽሐፍ ገልጦ የማያውቅ እረኛ እንኳ ከአባቱ ሰምቶ ያወራዋል። ደግሞ ጣሊያን አገሪቱን በወረረ ጊዜ የአርማጭሆ ቆላ፣ አሞራው በሚል ቅጽል የሚታወቁትን ውብነህ ተሰማን የመሰሉ አርበኞች የተመላለሱበት ምድር ሲሆን፣ የሱዳን ወሰንም ለስደተኛው መውጫ፣ ለነጻነቱ ሠራዊት ደግሞ መግቢያ በር ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ከስደት ሲመለሱ፣ ከዚህ ወደ ደቡብ በዚሁ የሱዳን ወሰን ላይ በምትገኘው ኦሜድላ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓላቸው የተሰማውን የሕዝብ መዝሙር ግጥም የጻፈው ዮፍታሔ ንጉሤም የስደቱን ዘመን ያሳለፈው በዚያው በሱዳን ነበር። የመዝሙሩ ደራሲ መዝሙሩ በማይዘመርበት አገር ተቀምጦ ወሰኑን ማዶ ለማዶ ሲመለከት የኖረባቸውን ዓመታት የሚያስብ ሰው፣ ለቆላው ሕዝብ መዝሙሩ ምን እንደሆነ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ነገር ግን መዝሙሩ ራሱ አንድ ሆኖ አልኖረም። ዮፍታሔ ግጥሙን የጻፈለትን መዝሙር ዜማ ያዘጋጀው፣ አርባ ልጆች ከሚባሉት አርመናውያን ወጣቶች ጋር ወደ አዲስ አበባ የመጣው ኬቮርክ ናልባንድያን ነበር፤ አብዮቱ ሲመጣ ያ መዝሙር ተሽሮ አሰፋ ገብረ ማርያም ግጥሙን፣ ዳንኤል ዮሐንስ ዜማውን ያዘጋጁለት ሌላ መዝሙር ተተካ፤ ደርግ ሲወድቅም ይኸው ተሽሮ ደረጀ መላኩ በግጥም፣ ሰሎሞን ሉሉ በዜማ የደረሱት ሦስተኛው መጣ። እንግዲህ በጠላት ወረራ ማግሥት የተወለደ አንድ የሳንጃ ሽማግሌ፣ ከቀየው ሳይነቃነቅ፣ ለሦስት መዝሙሮች ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል ማለት ነው። ሰንደቅ ዓላማውም እንዲሁ አንበሳ ነበረበት፤ አንበሳው ወረደ፤ ሌላ ዓርማ መጣበት፤ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ በሰማያዊ ክብ ውስጥ ያለው ኮከብ ተደረገበት። ይህ ሁሉ መለዋወጥ በተመልካቹ ልብ ውስጥ አንድ ልማድ አሳድሮበታል፤ ይኸውም አገርን ከመንግሥት ለይቶ ማየት ነው። አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ የማራቶን ድል ሲቀዳጅ፣ የጃፓን ሙዚቀኞች የኢትዮጵያን መዝሙር ስለማያውቁት የራሳቸውን አገር መዝሙር እንደነፉ ይነገራል፤ ሆኖም በዚያን ቀን በመዝሙሩ መቅረት የአበበ ድል አንድ ስንዝር አነሰ ብሎ ያዘነ ኢትዮጵያዊ መኖሩን አልሰማሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ የጾመ ፍልሰታም መጨረሻ ቀን በመሆኑ፣ በማግሥቱ የእመቤታችን የዕርገት በዓል ስለሚውል፣ ምእመናን ለፍቺው ይሰናዱ ነበር። በቆላውም የሰሊጥ አረም ወራት ነው። በሪዮ ዴ ጃኔሮ ካፊያ እየጣለ የተካሄደው የኦሊምፒክ ማራቶን ያለቀው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር አመሻሹ ላይ ሲሆን፣ ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ44 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ፤ ከእርሱም በ70 ሴኮንድ ርቆ ሁለተኛ የገባው፣ በምዕራብ ሸዋ በጀልዱ የተወለደው ፈይሳ ሌሊሳ፣ ወደ መጨረሻው መስመር ሲቃረብ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አንሥቶ በአንጓቸው አጣመራቸው። ይህ ምልክት፣ ኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ ጀምሮ በኦሮሚያ የተቃውሞ ሰልፍ የወጡት ወጣቶች፣ የታሰርን ሰዎች ነን፣ መሣሪያም አልያዝንም ለማለት ያነሡት የነበረው ነው። ሯጩ ከውድድሩ በኋላ ለጋዜጠኞች ሲናገር፣ በአገሩ ሰው እየተገደለ መሆኑን፣ እርሱም ቢመለስ ወይ ሞት ወይ እስራት እንደሚጠብቀው ገለጠ። በወቅቱ የመንግሥት ቃል አቀባይ የነበሩት አቶ ጌታቸው ረዳ፣ አትሌቱ ቢመለስ እንደ ጀግና አቀባበል ይደረግለታል አሉ፤ የመንግሥቱ ቴሌቪዥን ግን ያንን የመጨረሻ ምስል ደግሞ ለማሳየት ፈቃደኛ አልነበረም። እርሱም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከሁለት ዓመት በላይ በስደት ኖረ።

ምስሉ ወደ ጎንደር ቆላ በምን ሰዓት ደረሰ የሚለው ነገር እንደ መንገዱ ነበር፤ የሳተላይት ሳህን በተተከለበት ቡና ቤት የነበረው ወዲያው አየ፤ በበረሃው ካምፕ ከሳሉጉ ጋር አረም ላይ የነበረው ግን ምሽት ላይ ከአሜሪካ ድምፅ ወይም ከጀርመን ድምፅ ሬዲዮ ሰማ። ከዚህ ቀደም ብሎ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ልክ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በጎንደር ከተማ ታላቅ ሰልፍ ወጥቶ፣ ከቆላውም ከደጋውም የተሰበሰበው ሕዝብ የወልቃይትን የማንነት ጥያቄ ሲያነሣ፣ በኦሮሚያ የሚፈሰው ደም የእኛም ደም ነው የሚል ጽሑፍ ይዞ ነበር። ስለዚህም ፈይሳ እጆቹን ሲያጣምር በሳንጃና በመተማ የነበረው ተመልካች፣ ሯጩን እንደ ባዕድ ሰው ሳይሆን፣ በዚያ ሰልፍ አጠገቡ ቆሞ የጮኸ ሰው አድርጎ ተቀበለው።

ይሁንና ሁሉም በአንድ ቃል አልተናገረም፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ለመጻፍም ባላስፈለገ። በየቡና ቤቱ የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው መልክ እንደዚህ ነው። ሽማግሌው፣ «አንተ ልጅ፣ ሰው በአገሩ ስም ተልኮ ሄዶ፣ የአገሩን ገመና በባዕድ አደባባይ ያወጣል? ቤት ውስጥ የሚነገር ነገር የለም?» ይላል። ወጣቱም ከመደቡ ተነሥቶ ውኃውን ካቀበለ በኋላ፣ «አያ፣ በቤት ውስጥ እንዳይነገር አፉን የያዙት እነማን ናቸው? ቤቱ ቢሰማው ኖሮ ሪዮ ድረስ ምን አስኬደው?» ሲል ይመልሳል። ሌላው ደግሞ በዚህ መሐል ገብቶ፣ «እኔስ የሚያናድደኝ ወርቁ ማምለጡ ነው» ይላል፤ ይህ የመጨረሻው ሰው ከስፖርት ወዳዶች ሁሉ ሐቀኛው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

የሽማግሌውን ቃል ማቃለል አይገባም። አባቱ ወይም አያቱ ሰንደቅ ዓላማውን በሰውነቱ ጠምጥሞ ጫካ ያደረ ሰው፣ ያ ሰንደቅ በተሰቀለበት ቦታ ሌላ ነገር ሲቀላቀልበት ቢከፋው ተገቢ ነው። ደግሞም አንድ ነገር በትክክል መታወቅ አለበት፤ ፈይሳ ያደረገውን ያደረገው በሩጫው ፍጻሜ እንጂ በመዝሙር ጊዜ አልነበረም፤ በዚያን ቀን ለአሸናፊው የተዘመረውም የኬንያ መዝሙር ነው። በሌላ ሕዝብ መዝሙር መካከል የራሱን አቤቱታ ቢያሰማ ኖሮ፣ እንግዳ አክባሪ በሆነው በቆላው ሰው ዘንድ ነውር ይሆንበት ነበር፤ እኔም ከሽማግሌው ጋር በቆምኩ። ነገር ግን ያልተደረገውን እንደተደረገ አድርጎ መክሰስ ፍርድ አይደለም።

ሽማግሌው ያነሣው ትልቁ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም አደባባይ፣ ለዚያውም የክብር አደባባይ፣ የአቤቱታ ቦታ ነውን? የሚለው ነው። ለዚህ መልስ ለመስጠት ከሪዮ ወደ ጎንደር፣ ከዘመናችንም ወደ 18ኛው መቶ ዓመት መመለስ ያስፈልጋል።

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ በዐፄ ተክለ ሃይማኖት 2ኛ ቤተ መንግሥት በኖረ ጊዜ፣ ከሁሉ ይልቅ ያሰለቸውን አንድ ልማድ በመጽሐፉ አስፍሯል። ይኸውም ተበደልን የሚሉ ሰዎች ከማለዳ እስከ ማታ ንጉሡ በሚሰማበት ቦታ፣ በመስኮቱና በደጁ አጠገብ ቆመው፣ በሚችሉት ቋንቋ ሁሉ፣ ጃን ሆይ ፍረድልን እያሉ በሐዘን ድምፅ ይጮኹ ነበር። ብሩስ በደንብ እንዳስተዋለው፣ ይህ ጩኸት ለንጉሡ ስድብ ተደርጎ አይቆጠርም፤ ክብሩ ነው። እንዲያውም ክረምት ሲከብድና መንገዱ በጎርፍ ተዘግቶ ባላገሩ ወደ ከተማ መውጣት ሲያቅተው፣ የንጉሡ ግቢ ጭር እንዳይልና ንጉሡም ብቸኛ እንዳይመስል፣ ምንም ያልተበደሉ ሥራ ፈቶች በደመወዝ ተቀጥረው እንደ ተበዳይ ሲያለቅሱ ይውሉ ነበር ይላል። ብሩስ ነገሩን እንደ ሞኝነት ቆጥሮ ሲያፌዝበት ይታያል፤ ነገር ግን ነገሩ እርሱ እንዳየው ሞኝነት ብቻ አልነበረም። አቤት ባይ የሌለበት አደባባይ፣ ፍትሕ የሞላበት ሳይሆን ንጉሥ የሌለበት አደባባይ ነው የሚል እምነት የሠራው ሥርዓት ነበረ። በኪራይ የሚያለቅሱትን ወደ ጎን ብንተዋቸው እንኳ (በየዘመኑ የማይጠፉ ሰዎች ናቸው)፣ በክረምት ወራት፣ በታላቁ አደባባይ፣ በራስ ቋንቋ፣ ገዢው እየሰማ አቤት ማለት፣ በዚህ አገር ውስጥ ወግ እንጂ አመፅ አልነበረም።

ከሳንጃ ሆኖ ይህን ለሚያነብ ሰው ደግሞ ሌላ የሚያስገርም ነገር አለ። ያው ብሩስ በንጉሡ ዘንድ ሞገስ ባገኘ ጊዜ የራስ ፊል ገዢ ተብሎ በስም ተሹሞ ነበር፤ ራስ ፊል ማለትም ዛሬ መተማ ያለችበት የወሰን ቆላ ነው፤ ሥራውን ግን ያሲን የሚባል ሙስሊም ሹም ይሠራለት ነበር። በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ጎንደርን ለቅቆ ወደ ስናር ሲጓዝም በዚሁ በራሱ ግዛት አልፏል። እንግዲህ ስለ አቤቱታ ሥርዓታችን በደንብ ከጻፉት የውጭ ሰዎች አንዱ፣ በወረቀት ላይ እንኳ ቢሆን፣ የዚህ ቆላ ሹም ነበር ማለት ነው።

ከዚያ የቤተ መንግሥት ደጅ ጩኸት ሌላ፣ ገዢውን የማስጠንቀቂያ መንገዶች ነበሩ። ነገሥታትና መኳንንት እረኛ ምን አለ ብለው የሚጠይቁት፣ ሹም በሚፈራበት ቦታ የማይነገር ነገር በከብት ጥበቃ መካከል በግጥም ስለሚነገር ነው፤ አዝማሪም በግብር አዳራሽ፣ ጌታው ጠጅ በሚጠጣበት ሰዓት፣ በማሲንቆው እያጫወተ፣ በሰምና ወርቅ ሸፍኖ፣ ማንም ሊናገር የማይደፍረውን ይነግረዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ አዝማሪው ይህን የሚናገረው በማእድ ቤት ጓዳ ሳይሆን በታላቁ ግብር ላይ፣ መኳንንቱ በተሰበሰቡበትና ጌታው በክብሩ ከፍ ብሎ በታየበት ሰዓት ነው። ቅሬታ ከክብር ቦታ ርቆ ይነገር የሚለው ሐሳብ በአገራችን የቆየ ወግ ውስጥ ሥር ያለው አይመስለኝም፤ ይልቁንም በዘመናዊው መንግሥት ጊዜ፣ ከሰልፍ፣ ከፕሮቶኮልና ከቢሮ ሥርዓት ጋር አብሮ የመጣ ነው። ፈይሳ ዓለም ሁሉ በሚያየው አደባባይ፣ በነሐሴ ክረምት፣ የሠራው ነገር ከቆየው ወግ ጋር የሚስማማ ሲሆን፣ በተቃራኒው በአደባባይ ዝም በል የሚለው ሰው ነው አዲስ ልማድ ያመጣው።

እርግጥ ነው፣ አንዱ ተነሥቶ ስፖርት ከፖለቲካ መለየት አለበት ይላል። የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም በደንቡ በውድድር ቦታ የፖለቲካ ምልክት ማሳየትን ይከለክላል። ነገር ግን ይህን ቃል ከኢትዮጵያ ባለሥልጣናት አፍ መስማት፣ ታሪክን ለሚያውቅ ሰው ትንሽ ያስቃል፤ ምክንያቱም የስፖርት ሜዳን ለተቃውሞ መጠቀም መንግሥታችን ራሱ ያስተማረን ትምህርት ነውና። በየካቲት 1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በዚሁ በጎረቤታችን በካርቱም ሲጀመር፣ ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ከውድድሩ ውጭ ሆነች፤ በጨዋታው የቀሩትም ግብፅ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ ብቻ ነበሩ፤ የአገራችን የእግር ኳስ መሪ የነበረው ይድነቃቸው ተሰማም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ አፓርታይድን ከስፖርት ሜዳ ለማስወጣት ሲሟገት ኖረ። በ1960 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ለሜክሲኮ ኦሊምፒክ በተጋበዘች ጊዜም፣ አንሄድም ብለው አስቀድመው ከተነሡት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ግብዣውም ተሰረዘ። በ1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል ኦሊምፒክ፣ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ምክንያት፣ የአፍሪካ አገሮች በብዛት ሲቀሩ ኢትዮጵያም ቀረች፤ በ1976 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስን፣ በ1981 ዓ.ም. ሴኡልን ደግሞ በሌላ የፖለቲካ ምክንያት ተወች።

የዚህ ሁሉ ዋጋ የተከፈለው በማን ጉልበት ነው? ምሩጽ ይፍጠር በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አግኝቶ፣ በሞንትሪያል ወርቅ ለማግኘት ሲዘጋጅ፣ በመንግሥት ውሳኔ ሳይሮጥ ቀረ፤ እስከ 1972 ዓ.ም. ጠብቆ በሞስኮ ሁለት ወርቅ ባያገኝ ኖሮ፣ ስሙን ዛሬ ብዙ ሰው ባላወቀው ነበር። በሎስ አንጀለስና በሴኡል ዘመን የደረሱ ሯጮች ግን ያንን ዕድል እንኳ አላገኙም። የአፓርታይዱ ተቃውሞ ጽድቅ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሆኖም መንግሥት የሯጩን እግር ይዞ ተቃውሞ ሲያሰማ አገራዊ ክብር ከተባለ፣ ሯጩ በራሱ እጅ ተቃውሞ ሲያሰማ ስፖርትን አረከሰ ማለት እንዴት ይቻላል?

ከአገራችን ውጭ ያለውም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በዚያው በሜክሲኮ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ የ200 ሜትር ባለድሎች የሆኑት አሜሪካውያን ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ፣ የአገራቸው መዝሙር ሲዘመር ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ጥቁር ጓንት ያጠለቀ ጭብጣቸውን ከፍ ባደረጉ ጊዜ፣ ከስታዲየሙ ጩኸትና ፉጨት ተነሣባቸው፤ ከቡድናቸውም ተሰናበቱ። ከአራት ቀን በኋላ ማሞ ወልዴ በዚያችው ከተማ ማራቶኑን አሸንፎ የኢትዮጵያን ስም ከፍ አደረገ። በእኛም ዘመን የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች የነበረው ኮሊን ካፐርኒክ፣ ፖሊስ በጥቁሮች ላይ የሚያደርሰውን ግፍ በመቃወም፣ መዝሙር ሲዘመር መጀመሪያ ተቀምጦ፣ በኋላም ተንበርክኮ ሲታይ፣ ነገሩ የአገሩን ተመልካች ለሁለት ከፈለው፤ አንዳንዱ ስሙ ያለበትን ማልያ ገዛ፣ አንዳንዱም አቃጠለ። መቀመጡ ለሕዝብ የታወቀው፣ ፈይሳ በሪዮ እጁን ካጣመረ ከአምስት ቀን በኋላ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው። መንበርከክን የመከረው ደግሞ ቀድሞ ወታደር የነበረ ሰው ነው፤ የሳንጃው ሽማግሌ ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደነበር እጓጓለሁ።

በኢትዮጵያ ግን ጠቡ ከሯጩ ይልቅ በተመልካቹ በራሱ ላይ የወደቀ ነው፤ ምክንያቱም የእኛ አገር ደጋፊ የትኛውን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ መጣ በሚለው ነገር ይጠየቃል። ዓርማ የሌለበትን፣ በተለምዶ ልሙጥ የሚባለውን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ መያዝ፣ በ1988 ዓ.ም. ከወጣው ዓርማ በኋላ ራሱ የተቃውሞ ምልክት ሆነ፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654ም ዓርማ የሌለበትን ሰንደቅ መጠቀምን ከለከለ። በውጭ አገር በሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ዘንድ፣ በ1976 ዓ.ም. ተጀምሮ በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በሚካሄደው የእግር ኳስ በዓል ላይ ግን፣ ልሙጡ በየመቀመጫው ሲውለበለብ ይውላል። ዋልያዎቹ የሚባሉት የብሔራዊ ቡድናችን ተጫዋቾች ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈው፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ባለፉ ጊዜ፣ በስታዲየሙና በየመንገዱ ከታየው ሰንደቅ ውስጥ ዓርማ ያለውም የሌለውም ተደባልቆ ነበር። በመተማ ግን ያ ጨዋታ ሌላ ነገር ነበረበት፤ ተጋጣሚው ማዶ ያለው ጎረቤት ነውና፣ ገበያተኛው በማግሥቱ ወሰኑን ሲሻገር ደስታውን በልክ መያዝ ይገባው ነበር። በ1994 ዓ.ም. በተጀመረው በታላቁ ሩጫም፣ በመስቀል አደባባይ የሚሰበሰበው ሯጭ ገዢውን የሚነካ ግጥም እየደረደረ መሮጡ የታወቀ ነው። ብሩስ ከመቃብሩ ቢነሣ፣ የጃን ሆይ ፍረድልን ጩኸት በስፖርት ልብስ መመለሱን ያስተውል ነበር።

ነገር ግን ስለ ደጋፊው ስጽፍ ማመስገን ብቻ አይገባኝም። ደጋፊ የሚወድደው የራሱን ጥያቄ የሚመስለውን ተቃውሞ ነው፤ የሌላውን ሲሆን ጆሮው ይደፈናል። በ2008 ዓ.ም. ለፈይሳ ያጨበጨበው የጎንደር ቆላ ሰው፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የዘር ጠብ በየሜዳው በገባ ጊዜ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ደጋፊ ሁሉ ወገኑን ለይቶ መጮህ ጀመረ። የአማራና የትግራይ ክለቦች እርስ በርሳቸው መጫወት የተቸገሩበትና በገለልተኛ ሜዳ ይገናኙ የተባለበት ዘመን መጣ፤ በ2011 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ መቀሌ 70 እንደርታ ሲወስድ ሁለተኛ የሆነው፣ አፄዎቹ የሚባለው የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ነበር፤ በዚያ ፉክክር ላይ የተባለው ሁሉ ስለ ኳስ ብቻ አልነበረም። አፄዎቹ ሲያሸንፉ ደስ የሚለው የሳንጃ ወጣት፣ ከተቃራኒው ወገን አንዱ ተጫዋች ጎል አግብቶ የራሱን ሕዝብ በደል የሚያመለክት ምልክት ቢያሳየው፣ ለፈይሳ ያነሣውን ክርክር ያነሣለት ይሆን? እንደማያነሣለት እገምታለሁ። የአቤቱታ ወግ ግን ለወዳጅ ብቻ የተሠራ አልነበረም፤ ብሩስ የሰማቸው ጯኺዎች በቋንቋ ይለያዩ ነበር እንጂ ቦታቸው አንድ ነበር።

ፈይሳ ሌሊሳ ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ቃል የተገባው የጀግና አቀባበል በሌላ ሰው መንግሥት ተፈጸመለት። ስሙ በሳንጃም በመተማም ይታወቃል። ከእርሱ በኋላ በሪዮ ያንኑ ያደረገውን ሌላ ሰው ግን ጠይቄ ያወቀልኝ ጥቂት ነው። ይኸውም ታምሩ ደምሴ ነው፤ ዐይኑ በከፊል የሚያይ ሯጭ ሲሆን፣ መስከረም 1 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በአገሩ አበባዮሽ በሚዘፈንበት የዘመን መለወጫ ቀን፣ በዚያችው በሪዮ በፓራሊምፒክ 1500 ሜትር ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እንደ ፈይሳ እጆቹን አጣመረ። በዚያ ውድድር አልጄሪያዊው አብዱልለጢፍ ባካ አንደኛ ወጥቶ፣ ታምሩ በ3 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ ከ49 መቶኛ ሴኮንድ ሲከተለው፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ሯጮች በሙሉ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በኦሊምፒኩ በዚሁ ርቀት ወርቅ ከወሰደው ከአሜሪካዊው ማቲው ሴንትሮዊትዝ ሰዓት ፈጥነው ነበር። ያን ሰዓት በኦሊምፒኩ ሜዳ ቢሮጠው ኖሮ የወርቅ ባለቤት ይሆን ነበር ማለት ባይቻልም (የሩጫ ስልት እንደ ሜዳው ይለያያልና)፣ ስሙ ቢያንስ በየቡና ቤቱ ይነሣ ነበር። በስታዲየምም ሆነ በሬዲዮ የፓራሊምፒክን ውድድር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚከታተል ደጋፊ በአገራችን እምብዛም ስለሌለ፣ የታምሩ አቤቱታ የሚሰማው ሰው ሳያገኝ ቀረ።